ወደብ የሌላት የወደብ ከተማ፦ የዊዳ ታሪክ በመጽሐፍና በፊልም

የወደብ ከተማ ሲባል በአንባቢ ዓይነ ኅሊና ቶሎ የሚደቀነው የመርከብ ማቆሚያ፣ መልሕቅ፣ መጋዘንና በባሕር ዳር የተደረደረ የድንጋይ ሕንፃ ነው። በዛሬዋ ቤኒን ደቡባዊ ጠረፍ የምትገኘው ዊዳ ግን የመርከብ ማቆሚያ ሳይኖራት ለሁለት ምዕተ ዓመታት ያህል ከአፍሪካ ዋነኛ የባሪያ ንግድ ከተሞች አንዷ ሆና ቆይታለች። ከውቅያኖሱ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብላ የተቆረቆረች ናት። በእርሷና በባሕሩ መካከል ረግረግ መሬትና ከጠረፉ ጋር ጎን ለጎን የተዘረጋ የላጉን ውሃ አለ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የአሸዋ ዳርቻ ኃይለኛ ማዕበል ስለሚመታው መርከቦች ሊጠጉት አይችሉም ነበር፤ ርቀው መልሕቅ ይጥላሉ፤ ሰውም ዕቃም በታንኳ ይመላለሳል። እንዲህም ሆኖ፣ የታሪክ ተመራማሪው ሮቢን ሎው እንደሚገምተው፣ ከ17ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ እስከ 1860ዎቹ ድረስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ምርኮኞች በዚህ ዳርቻ በኩል ወደ አሜሪካ ምድር ተግዘዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከአፍሪካ ጠረፎች ሁሉ በዚህ ቁጥር የምትበልጣት የአንጎላዋ ሉዋንዳ ብቻ ናት።

ወደብ ሳይኖር ወደብነት እንዴት ተቻለ? መልሱ የሰው ጉልበት ነው። ታንኳ የሚቀዝፍ፣ ሸክም የሚሸከም፣ ምርኮኛ የሚጠብቅ፣ ዛጎል የሚቆጥር፣ ለእስረኛውም ለነጋዴውም ምግብ የሚያበስል፣ ለንጉሡ ቀረጥ የሚሰበስብ ብዙ ሰው ባይኖር ኖሮ ማዕበሉ ብቻውን ንግዱን ባገደው ነበር። ስለ ዊዳ የተጻፉትና የተቀረጹት ሥራዎች መመዘን የሚገባቸውም ይህን ብዙ ሰው አይተውታል ወይስ አላዩትም በሚለው ጥያቄ ነው። አብዛኞቹ አላዩትም። በእርሱ ፈንታ ወይ አንድ ጨካኝ የውጭ ሰው፣ ወይ አንድ ግራ የገባው ንጉሥ፣ ወይ አንድ ትልቅ በር አቁመው የአንዲትን ከተማ ታሪክ በሙሉ በዚያ ላይ አንጠልጥለውታል።

ሥራዎቹን ከመመልከት በፊት የታሪኩን አጥንት ማስታወስ ይጠቅማል። ከተማዋ በነባር ስሟ ግሌሁዌ ትባላለች። ሁዌዳ የተባለ ትንሽ መንግሥት አካል ነበረች፤ አውሮፓውያን ያወጡላት ስምም ከዚሁ መንግሥት ስም የመጣ ነው። በ1727 የዳሆሜው ንጉሥ አጋጃ ሁዌዳን ድል ነሥቶ ግዛቱ አደረጋት። ፈረንሳዮች፣ እንግሊዞችና ፖርቱጋሎች በከተማዋ ውስጥ ምሽግ ነበራቸው፤ ይሁን እንጂ ምሽጎቹ በጭቃ ግንብ የታጠሩ፣ ከባሕሩም ከመርከቦቻቸው መድፍም የራቁ ስለነበሩ፣ ባለቤቶቹ የሚኖሩት በአገሬው ገዥ ፈቃድ ነበር። በ1743 የዳሆሜ ሠራዊት የፖርቱጋሎቹን ምሽግ መደምሰሱ የበላዩ ማን እንደነበር ያሳያል። ከተማዋን የሚያስተዳድረው ዮቮጋን፣ ማለትም የነጮች አለቃ፣ የሚባል የዳሆሜ ሹም ነበር። በ1818 ጌዞ አዳንዶዛንን ከዙፋን አውርዶ ሲነግሥ የረዳው ብራዚላዊው ነጋዴ ፍራንሲስኮ ፌሊክስ ደ ሱዛ፣ «ቻቻ» በሚል ስያሜ የንጉሡ የንግድ ወኪል ሆነ፤ በ1849 እስኪሞትም በዊዳ ኖረ። በ1892 ፈረንሳዮች ዳሆሜን ወረው ከተማዋን ያዙ። ከዚያ በኋላ ንግዱ ወደ ኮቶኑ ዞረና የዊዳ ዘመን አበቃ።

ዊዳን በዓለም ሥነ ጽሑፍ ያስተዋወቃት የእንግሊዛዊው ብሩስ ቻትዊን «የዊዳው እንደራሴ» የተሰኘው አጭር ልብ ወለድ ነው፤ በ1980 ታተመ። ደራሲው በመጀመሪያ ያሰበው የደ ሱዛን የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ ነበር። ያገኘው ማስረጃ የተቆራረጠ ሲሆንበት የባለታሪኩን ስም ለውጦ ወደ ፈጠራ ዞረ። መጽሐፉ የሚከፈተው የባሪያ ነጋዴው ዘሮች ከየአገሩ ተሰባስበው ለነፍሱ ቅዳሴ ሲያስቀድሱ ነው። ይህ ትዕይንት የመጽሐፉ ትልቁ ጥንካሬ ነው፤ የዚያ ሰው ደም በስንት ቤት እንደገባ፣ ኀፍረትና ኩራት በአንድ ማዕድ እንዴት አብረው እንደሚቀርቡ በጥቂት ገጾች ያሳያል። የቻትዊን ዐረፍተ ነገር ቁጥብ ነው፤ ቃል አያባክንም።

ችግሩ የሚጀምረው ታሪኩ ወደ ኋላ ሲመለስ ነው። ብራዚላዊው ሰው ልጅነት፣ ብቸኝነት፣ ምኞትና ውድቀት ይሰጠዋል። ዳሆሜና ሕዝቧ ግን ከሞላ ጎደል የእርሱ ቅዠት መድረክ ሆነው ይቀራሉ፤ ንጉሡ እንዳሻው የሚገድል፣ እንዳሻው የሚሾም ሰው እንጂ የቀረጥ፣ የብድርና የጦር ስሌት ያለው ገዥ አይመስልም። ርዕሱ ራሱ ያሳስታል። ሎው እንዳስረዳው ደ ሱዛ የከተማዋ እንደራሴ አልነበረም፤ ሥልጣኑ በዮቮጋኑ እጅ ነበር። ብራዚላዊው የንጉሡ ደላላ ነበር፤ ትልቅ ደላላ፣ ግን ደላላ፤ በስተርጅናውም በዕዳ ተዘፍቆ ነው የሞተው። ልብ ወለድ ለሰነድ እንዲገዛ አይጠየቅም። ነገር ግን አንድን ወኪል ንጉሥ ማድረግ ታሪኩን ለአንባቢ ቀላል ያደርግለታል፤ ክፋቱ ሁሉ በአንድ መርከብ መጥቶ ከአንድ ሰው ጋር የተቀበረ ይመስላል።

ጀርመናዊው ቨርነር ሄርዞግ ይህንኑ ልብ ወለድ መነሻ አድርጎ በ1987 «ኮብራ ቬርዴ» የተሰኘውን ፊልም ሠራ። ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ክላውስ ኪንስኪ ነው። የባሪያ ንግዱ ምሽግ የተቀረጸው በጋና ጠረፍ በሚገኘው የኤልሚና የድንጋይ ግንብ ነው። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም፤ ካሜራ ግንብ ይወዳል። ይሁንና ኤልሚና ከባሕሩ አፍ ላይ በኩራት የቆመ ግንብ ሲሆን የዊዳ ምሽጎች ከመንደሩ መሐል የተሸጎጡ የጭቃ አጥሮች ነበሩ። ግንቡ ሲተካ የኃይሉ ሚዛንም አብሮ ይተካል፤ ተመልካቹ አውሮፓውያን ጠረፉን በድንጋይና በመድፍ የገዙት ይመስለዋል። ዊዳ ላይ ግን የገዛው የዳሆሜ ንጉሥ ነበር።

የፊልሙ መጨረሻ ግን ከዳይሬክተሩ ሐሳብ የዘለለ እውነት ይዟል። ሁሉ ነገር የከዳው ኪንስኪ በባሕሩ ዳርቻ አንድ ጀልባ ብቻውን ወደ ውሃው ሊጎትት ይታገላል። ይጎትታል፣ ይወድቃል፣ ማዕበሉ ይመታዋል፤ ጀልባው ግን ፈቅ አይልም። ሄርዞግ ይህን ያቀረበው የአንድ ሰው እብሪት ፍጻሜ አድርጎ ነው። የዊዳን ታሪክ የሚያውቅ ተመልካች ግን ሌላ ነገር ያነብበታል፤ በዚህ ጠረፍ አንድ ሰው ብቻውን አንዲት ታንኳ እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም። አንድ ሚሊዮን ሰው የተሻገረው ብዙ እጆች በአንድነት ስለገፉ ነው።

እነዚያን እጆች የቆጠረው የሮቢን ሎው መጽሐፍ ነው። በ2004 የታተመው ይህ ሥራ ከ1727 እስከ 1892 ያለውን የዊዳን የኅብረተሰብ ታሪክ ይዘግባል። በንዑስ ርዕሱ «ወደብ» የሚለው ቃል በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ገብቷል፤ ይህች ትንሽ ምልክት የመጽሐፉ መክፈቻ ቁልፍ ናት። ሎው የአውሮፓ የምሽግ መዛግብትን፣ የተጓዦችን ማስታወሻና የከተማዋን ቤተሰቦች ቃላዊ ትውፊት ጎን ለጎን ያነባል። የከተማዋ ተወላጅ ካሲሚር አግቦ በ1959 ያሳተመውን የዊዳ ታሪክም በቁም ነገር ይጠቀምበታል። ከባዕድ ሰነድ ጋር የአገሬውን ጸሐፊ እኩል መጥራት ለዚህ ዓይነቱ ታሪክ ትንሽ ነገር አይደለም።

ውጤቱ በሰፈር በሰፈር የተነበበች ከተማ ናት። ቶቬ ከዳሆሜ ወረራ በፊት የነበረው የነባሮቹ ሰፈር ነው። አሁዋንጂጎ በፈረንሳዮች፣ ሶግባጂ በእንግሊዞች፣ ዶኮሜ በፖርቱጋሎች ምሽግ ዙሪያ የበቀሉ ሰፈሮች ናቸው፤ በውስጣቸውም የምሽጎቹ ባሪያዎችና ሠራተኞች ዘሮች ይኖራሉ። ፎንሳራሜ የዳሆሜ ሹማምንት ሰፈር ነበር። ማሮ ደግሞ ከ1835ቱ የባሂያ አመፅ ወዲህ ከብራዚል በተመለሱ ነፃ የወጡ ሰዎች የተመሠረተ ሰፈር ነው። በባርነት የተሸጠው ሰው ተመልሶ ከሻጮቹ ከተማ ጎጆ ቀለሰ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ራሳቸው በንግዱ ገቡበት። ከዚህ የከበደ ድራማ በቻትዊንም በሄርዞግም ሥራ አይገኝም። ሎው ግን ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ያልፈዋል።

ታንከኞቹም በዚህ መጽሐፍ ስፍራቸውን አግኝተዋል። የዊዳ ሰዎች የላጉን እንጂ የውቅያኖስ ቀዛፊዎች አልነበሩም፤ ስለዚህ ማዕበሉን መስበር የሚችሉ ባለሙያዎች ከዛሬዋ ጋና ጠረፍ በክፍያ ይመጡ ነበር። ሸቀጥን በራሳቸው ተሸክመው በላጉኑ ውስጥ የሚያሻግሩ ሸካሚዎች፣ ዋጋቸውን በዛጎል የሚቀበሉ ሴት ነጋዴዎች፣ ከንጉሡ ንግድ ጎን ለጎን በራሳቸው ገንዘብ የሚነግዱ እንደ አጆቪና ኬኑም ያሉ ቤቶች፣ ሁሉም በስም ወይም በሙያ ይነሣሉ። የባሪያ ንግዱ ሲዳከም የዘንባባ ዘይት ንግድ ተተካ ሲባል እንኳ ሎው ነገሩን ወደ በጎ ዜና አይለውጠውም፤ ዘይቱን ያመረቱትና የተሸከሙት ከአገር እንዳይወጡ የቀሩ ባሪያዎች እንደነበሩ ያስረዳል። የውጭው ንግድ ቢቆምም ባርነቱ በከተማዋ ውስጥ ቀጥሏል።

ይህ ታላቅ ሥራ ግን አንድ ጉድለት አለው፤ ጉድለቱም የደራሲው ሳይሆን የሰነዱ ነው። ከተማዋን የሞሉት ነጋዴዎችና ሹማምንት ስም ሲኖራቸው፣ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ታስረው የተሻገሩት ሰዎች በአብዛኛው ቁጥር ብቻ ሆነው ቀርተዋል። የኅብረተሰብ ታሪክ የነዋሪ ታሪክ ነው፤ ምርኮኛው ግን ነዋሪ አልነበረም። ስለዚህ የሎውን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ከጎኑ የዞራ ኒል ኸርስተንን «ባራኩን» ማስቀመጥ ይገባዋል። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ በ1927 እና በ1928 በአላባማ ያነጋገረችው ኮሶላ፣ በአሜሪካ ስሙ ኩጆ ሉዊስ፣ በ1860 በዊዳ በኩል «ክሎቲልዳ» በተባለች መርከብ ከተጫኑት 110 ያህል ሰዎች አንዱ ነበር። ጽሑፉ በመጽሐፍ መልክ የወጣው በ2018፣ ኮሶላ ከሞተ ከሰማንያ ዓመት በኋላ ነው።

የኸርስተን ብልኅነት ከሽማግሌው ፊት ዞር ማለቷ ነው። አነጋገሩን እንደ ወረደ ትጽፋለች፤ ዝምታውንም ታከብራለች። ኮሶላ ስለ ዊዳ የሚናገረው ጥቂት ነው። በእስረኞች አጥር ውስጥ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ፤ ከዚያም በውሃ አሻግረው ወደ ባሕሩ አወረዱት፤ መርከቡ ላይ ሲያወጡት ልብሱን ገፈፉት። የመገፈፉ ኀፍረት ከስድሳ ዓመት በላይ አልለቀቀውም። የማረከው የዳሆሜ ሠራዊት፣ የጠበቀው የዊዳ ዘበኛ፣ የቀዘፈው ታንከኛ፣ የገዛው አሜሪካዊ ካፒቴን በታሪኩ ውስጥ ተከታትለው ያልፋሉ። ማንም ብቻውን ወንጀለኛ፣ ማንም ከደሙ ንጹሕ ሆኖ አይወጣም። ሎው በአምስት መቶ ሰነድ ያስረዳውን ኮሶላ በአንድ ሰው ትዝታ ያጸናዋል።

ይህን ምስክርነት ይዞ በ2022 የወጣውን «ሴቷ ንጉሥ» የተሰኘውን የሆሊዉድ ፊልም የሚያይ ተመልካች መደናገጡ አይቀርም። በጂና ፕሪንስ ባይትውድ የተሠራው ይህ ፊልም ታሪኩን በ1823 ያስቀምጣል። የዳሆሜ ሴት ወታደሮችን በክብር ማሳየቱ፣ ለጥቁር ሴት ተዋናዮችም ይህን የሚያክል ሰፊ መድረክ መስጠቱ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ጌዞን ከባሪያ ንግድ ወደ ዘንባባ ዘይት ልቡ ያዘነበለ ንጉሥ ያደርገዋል፤ ተዋጊዎቹም ዊዳ ላይ የባሪያ ነጋዴዎችን ሲደመስሱ ያሳያል። እውነተኛው ጌዞ ለእንግሊዞች የባሪያ ንግድ ማቆሚያ ውል የፈረመው በ1852፣ ያውም የባሕር ኃይላቸው ጠረፉን ከዘጋበት በኋላ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ንግዱ ቀጠለ። ኮሶላን የማረኩት ሰዎች ውስጥ እነዚያው ሴት ወታደሮች ነበሩ። ቻትዊን ጥፋቱን ለባዕዱ ሰጥቶ የአገሬውን ሰው ጥላ አድርጎት ነበር፤ ፊልሙ ደግሞ አገሬውን ሊያከብር ሲል ከጥፋቱ ነፃ አወጣው። መንገዱ ቢለያይም መድረሻው አንድ ነው፤ የዊዳ ሰዎች በራሳቸው ታሪክ ውስጥ የመምረጥ፣ የማትረፍና የመበደል ኃላፊነት የላቸውም።

ዊዳ ራሷን የምትተርክበት መንገድም ከሂስ አያመልጥም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከቻቻ አደባባይ እስከ ባሕሩ ዳርቻ ያለው መንገድ የመታሰቢያ መንገድ ሆኖ ተሰናዳ፤ የቤኒኑ ሠዓሊና ቀራጺ ሲፕሪየን ቶኩዳግባ የሠራቸው ሐውልቶችም ተተከሉበት። በ1995 በመንገዱ ማብቂያ «የማይመለሱበት በር» የተባለው ትልቅ ሐውልት ቆመ። ጎብኚው ምርኮኞች ያለፈ ሕይወታቸውን እንዲረሱ ይዞሩት ነበር የሚባለውን የመርሳት ዛፍ ስፍራ ይመለከታል። እንዲህ ያሉት ትረካዎች በንግዱ ዘመን ሰነዶች ለመረጋገጣቸው የታሪክ ምሁራን ይጠራጠራሉ። ይህ ብቻውን መታሰቢያውን ዋጋ አያሳጣውም፤ ከባሕር ማዶ መጥቶ በዚያ በር ሥር የሚያለቅስ ሰው የሚያለቅሰው ለእውነተኛ ሞት ነው። የሐውልቱ ድካም ሌላ ነው። በር ሰውን አይሸጥም፣ አይገዛም፣ አይቀዝፍም። መንገዱ በአደባባዩ መነሻ የደ ሱዛን ስም፣ በመጨረሻው በሩን አቁሞ በመካከል ያሉትን ሰፈሮች በዝምታ ያልፋቸዋል። በእነዚያ ሰፈሮች የነጋዴ ልጅና የባሪያ ልጅ ዛሬም ጎረቤታሞች ናቸው፤ ማን የማን እንደሆነ ይታወቃል፣ ግን አይነገርም።

ይህ ዝምታ በቅርቡ ሌላ ፈተና ገጥሞታል። በ1892 የፈረንሳይ ጦር ከአቦሜ ቤተ መንግሥት ከዘረፋቸው ቅርሶች 26ቱ በኅዳር 2021 ወደ ቤኒን ተመለሱ። ማቲ ዲዮፕ በ2024 የበርሊን ፌስቲቫል ወርቃማ ድብ የተሸለመችበት «ዳሆሜ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ይህን ጉዞ ይከተላል። በፊልሙ ውስጥ የንጉሥ ጌዞ ሐውልት በፎን ቋንቋ ይናገራል፤ በፓሪስ ጨለማ ውስጥ ስለታሰረበት ዘመን፣ ቁጥር ስለ መሆኑ ያማርራል። የአቦሜ ካላቪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚከራከሩበት ክፍል ደግሞ የፊልሙ ሕይወት ነው፤ ከሺህዎች 26 ብቻ መመለሱ ክብር ነው ወይስ ስድብ? በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት ቅርሶች ዛሬም ከብሪታንያ ቤተ መዘክሮች እንዲመለሱ ለሚጠይቅ የአማርኛ አንባቢ ይህ ክርክር እንግዳ አይሆንም።

ነገር ግን ሐውልቱ ስለ ግዞት ሲናገር አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሣል። ጌዞ ራሱ በዊዳ በኩል ስንቱን ሰው ቁጥር አድርጎ ልኳል? ይህ ጥያቄ በፊልሙ ውስጥ የሚገባውን ያህል ጎልቶ አይሰማም። ቅርሱ መመለስ አለበት፤ ስለዚህ የሚያከራክር ነገር የለም። የተዘረፈ ንጉሥ ግን ያልዘረፈ ንጉሥ ማለት አይደለም። ሁለቱን እውነት በአንድ እጅ መያዝ የሚችል ሥራ ገና ይጠበቃል።

የዊዳ ጉዳይ ለአፍሪካ ቀንድ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከኢትዮጵያ ምድር የተፈነገሉ ሰዎች በታጁራና በምጽዋ በኩል ቀይ ባሕርን ተሻግረዋል። በእነዚህ ጠረፎች ታሪክ ውስጥም ከባሕር ማዶ የመጣው ገዥ በስም ሲጠራ፣ ፈንጋዩ፣ የሲራራ ነጋዴውና ቀረጥ የበላው የአገር መኳንንት ብዙውን ጊዜ በጅምላ ይታለፋሉ። ሎው ለዊዳ ያደረገውን፣ ማለትም ሰፈሩን በስሙ፣ ሙያውን በዋጋው፣ ቤተሰቡን በትውፊቱ መጻፍን፣ ለእነዚህ ወደቦች ለማድረግ መዝገብም ቃላዊ ትውፊትም አልጠፋም።

ዊዳን የሚያጠና ሰው በመጨረሻ ወደ ታንኳዋ መመለሱ አይቀርም። በማዕበሉ ላይ ያለፈችው የሚከፈላቸው ሰዎች ስለቀዘፏት፣ ያዘዘ ሹም ስለነበረ፣ ያተረፈ ቤት ስለነበረ ነው። ከውስጧ ደግሞ ልብሱን የተገፈፈ የ19 ዓመት ወጣት ነበር። ስለዚህች ከተማ የሚጻፍ ማንኛውም ሥራ ቀዛፊዎቹንም ወጣቱንም በአንድ ታንኳ ላይ ካላሳየ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ታሪኩን ከዳርቻው አላሻገረውም።